ኦመር ያልመለሰባቸው አርባ አንድ ጠዋቶች

ማክሰኞ ማክሰኞ ሰገነት ታራሚ ልትጠይቅ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ የምትጣላው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው፤ ከፈታሿ ከሳሚያ ጋር። የጠቡም ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ክራንቿ።

«አምጪው» ትላለች ሳሚያ እጇን ዘርግታ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ባለፈው ሳምንት አይተሽው የለም እንዴ? በሰባት ቀን ውስጥ ጥርስ አያበቅል!»

«መመሪያ ነው እቴ፣ አምጪው።»

ሰገነት በአንድ እጇ የበሩን ብረት ጨብጣ በሌላው ታቀብላታለች። ሳሚያ እንጨቱን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለች፤ ውስጡ ተቦርቡሮ የተደበቀ ነገር እንደሌለ ለማረጋገጥ ነው። ከዚያ ትመልስላታለች፣ ከዚያም ሁለቱም ይስቃሉ። ሳሚያ የለበሰችውን የደንብ ልብስ ሱሪ ወገቡን ያጠበበችላት ራሷ ሰገነት ናትና፣ ጠቡ ብዙ ርቆ አይሄድም።

የትኛው ማረሚያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። ከአሶሳ በሚኒባስ ተሳፍሮ የሚደረስበት ነው፣ ይኸው ይበቃል። ሰው ስም ሲሰማ ነገሩን ትቶ ባለስሙን መፈለግ ይጀምራል።

ክራንቹን በደንብ ላየው ግን ከመያዣው በታች በሲባጎ የታሰረች፣ ጠርዟ የተበላ ካርቶን አለችበት። «ኤግዚቢት ቁጥር 17» ትላለች። ሰገነት ይህቺን ካርቶን ፈትታ አታውቅም። የሰገነት ወላጆች በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ የተወለደችው እዚሁ ሰፈራ መንደር ውስጥ ነው፣ በሦስት ዓመቷም ፖሊዮ ግራ እግሯን ይዞባት ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆናት በአንድ የገበያ ቀን፣ ዝናቡ ገና ባባራበት ሰዓት፣ አንድ ጎረምሳ ለሳቅ ብሎ ክራንቿን ነጠቃትና ማንጎ ዛፍ ላይ ሰቀለው። ሰገነት በቀዩ ጭቃ ላይ በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች ዛፉ ሥር ደረሰች። ሰው ቆሞ ያይ ነበር፤ የሳቀም አልጠፋም። ክራንቹን በድንጋይ መትታ አወረደችው፣ ግንዱን ተደግፋ ቆመች፣ ጎረምሳውም ሊሸሽ ሲገባው ቆሞ ይስቅ ስለነበር ክንዱን ከሁለት ቦታ ሰበረችው።

ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደባት። በፍርዱ አልተከራከረችም። ያንገበገባት ሌላ ነው፤ ክራንቹ ሰው የተመታበት መሣሪያ ነው ተብሎ ኤግዚቢት ክፍል ገባ። ሰገነት ዓመት ከስድስት ወር ግድግዳ ለግድግዳ ሄደች። ግድግዳ በሌለበት፣ ለምሳሌ ወደ መጸዳጃ ቤት፣ በእጇ ሄደች። ስትፈታ አስፈርመው መለሱላት። ካርቶኗን ለምን እንደማትፈታት ሲጠይቋት፣ «ዲግሪዬ ናት» ትላለች።

ሲፈቱ ደግሞ ሌላ እስር አለ። ቤት የሚያከራያት አጥታ ነበር፤ አንዱ እግሯን አይቶ፣ አንዱ ፋይሏን ሰምቶ። ልብስ ስፌት የተማረችው ግን እዚያው ውስጥ ነው፣ እጇም አልካዳትም። ዛሬ አሶሳ ገበያ አጠገብ በእጅ የሚዞር መኪና ይዛ ትሰፋለች፤ እንደሷ አካል ጉዳት ያለባቸውና እንደሷ ታስረው የወጡ ሦስት ሰዎችም አብረዋት ይሠራሉ። ማኅበርም አቋቁመዋል። የማኅበሩ ቢሮ የስፌት ቤቱ ጓዳ ነው፣ ማኅተሙ ከመርፌና ከክር ጋር በአንድ ቆርቆሮ ይቀመጣል። ማኅበሩ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሲጠይቅ ኖሯል፤ በማረሚያ ቤት ያለ አካል ጉዳተኛ በጉዳቱ ምክንያት ጥፋተኛ ተብሎ አይመዝገብ፣ ይህም በመመሪያ ይጻፍ። መልሱ ሁልጊዜ «በሂደት ላይ ነው» ነበር። አንድ ቀን ሰገነት መረራትና ማመልከቻቸው የተያዘበትን ቢሮ ጸሐፊ፣ «እህቴ፣ ይህ ሂደት የሚባለው ሰውዬ ስንተኛ ቁጥር ቢሮ ነው የሚቀመጠው? እሱኑ በቀጥታ ላናግረው» አለቻት።

እንግዲህ ወደ ኦመር እንምጣ።

ኦመር የሆሞሻ ገበሬ ነው። ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም፣ አይናገርም። የቤታቸው ቋንቋ በርታ ቢሆንም የእሱ ቋንቋ እጁ ነው፤ ከእህቱ ከዐዋጢፍ ጋር ከልጅነታቸው ጀምረው ራሳቸው ያበጁት ቋንቋ። በሬ ማሽላ ውስጥ ገብቶ በተነሣ ጠብ ጎረቤቱን በድንጋይ ፈንክቶ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ጥፋቱን አይክድም። የተፈነከተውም ሰው በሽማግሌ ታርቆት፣ ከዐዋጢፍ ጋር አብሮ ሊጠይቀው እስከ መምጣት ደርሷል። ከሰባቱ ዓመት ሁለት ሦስተኛውን በመልካም ጠባይ የጨረሰ ታራሚ በአመክሮ ይፈታል። ኦመር ጊዜውን ከጨረሰ ወራት አልፎታል። የማረሚያ ቤቱ የአመክሮ ኮሚቴ ግን አንድ ጊዜ አይቶ መልሶታል፤ ፋይሉ ውስጥ አርባ አንድ ጥፋት ተመዝግቦበታልና። አሁን ሁለተኛ ሊታይለት ነው። ካልሆነለት ያለ ምንም ቅናሽ እስከ ሰባተኛው ዓመት ማብቂያ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ይቀመጣል።

አርባ አንዱም ጥፋት አንድ ዓይነት ነው፤ «ለቆጠራ አልመለሰም»።

ማረሚያ ቤት ውስጥ ከሁሉ በፊት ቆጠራ አለ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ታራሚው ግቢው ውስጥ ይሰለፋል፣ ሃምሳ አለቃ ታምሩም ትልቁን መዝገብ ክንዱ ላይ ዘርግቶ አንገቱን ይደፋና ስም ይጠራል። «አቤት!» ያለ አለ፤ አቤት ያላለ የለም። ታምሩ ክፉ ሰው አይደለም። ሦስት መቶ ስም በአንድ ትንፋሽ ማንበብ ስላለበት ቀና ማለት ትቷል፣ ከዓመታት በኋላም ሰው ማለት ለእሱ ድምፅ ሆነ። ዝም ያለው ሰው ከፊቱ ሦስት እርምጃ ላይ ቆሞ ቢሆንም መዝገቡ ላይ ምልክት ይደረግበታል።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል የአገሬ ሰው። ደጃዝማችነቱስ ይቅር፤ ኦመር የቀረበት አመክሮው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምልክት እየተደረገበት መሆኑን እንኳ አላወቀም። ዐዋጢፍ ለጥየቃ መጥታ በእጇ ስታስረዳው ነው የገባው። ከዚያ በኋላ የራሱን መላ አበጀ። ከእሱ በፊት የሚጠራው ሰው ማን እንደሆነ ለየ፤ ያ ሰው አፉን ከፍቶ «አቤት» ሲል፣ ኦመር ትንሽ ጠብቆ ከጉሮሮው «ኣ!» ይላል። ድምፁን ራሱ ሰምቶት አያውቅም። መጀመሪያ ታራሚው ይስቅበት ነበር፣ በኋላ ለመደው። እንዲህ አድርጎ ከአራት ዓመት በላይ ያለ አንድ ጥፋት ቆየ። አርባ አንዱ ግን ከፋይሉ አልወጣም።

ከስምንት ወር በፊት ደግሞ ከካማሺ በኩል አንድ ሽማግሌ መጡ፣ አቶ ኦልጅራ የሚባሉ። ጆሯቸው በእርጅና ደንቁሯል። በመጡ በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለት ምልክት ተደረገባቸው። ኦመር ይህን አየና ከጎናቸው መቆም ጀመረ። ከሽማግሌው በፊት የሚጠራውንም ሰው አፍ እየጠበቀ ትከሻቸውን መታ ያደርጋቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ግቢው እስኪናወጥ፣ «አቤት!» ይላሉ። መስማት የተሳነው ሰው ለደንቆሮ ሽማግሌ ጆሮ ሆነ። ሰገነት ይህን መጀመሪያ የሰማች ቀን ስፌቷን አስቀምጣ አለቀሰች፣ ከዚያ ተነሥታ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። ሦስት ደብዳቤ ጽፋ ኮሚቴው ፊት እሷ እንድትናገር፣ ዐዋጢፍም እንድታስተረጉም አስፈቀደች።

ኮሚቴው ሐሙስ ተሰበሰበ። ዐዋጢፍ ከሆሞሻ በሌሊት ተነሥታ መጥታለች፣ አረንጓዴ መጎናጸፊያዋን ለብሳ። አማርኛዋ ወንዱንና ሴቱን ያምታታል እንጂ ሐሳቧን አምታታ አታውቅም። ከጠረጴዛው ወዲያ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው ኮማንደር ጌትነት፣ ቆጣሪው ታምሩ፣ የክሊኒኩ ነርስ፣ የእንጨት ሥራው ኃላፊ፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ደግሞ ባለመነጽሯ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሕብረት። ሰገነት የኮማንደሩን ሱሪ ሁለቴ አስፍታለታለች፤ ስለዚህ ብዙም አልፈራችውም። የሰውን ወገብ የለካ፣ ባለወገቡ ሲቆጣ አይደነግጥለትም።

ኦመር ከእህቱ ጎን ቆመ። ሰገነት ነገሩን ከላይ እንዳልኩት አድርጋ ተናገረች፣ ኮማንደሩም ሁለቴ ሰዓቱን እያየ ሰማት። ስትጨርስ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሰገነት፣ ከአንቺ ጋር ጠብ የለኝም። ሰውየው ጠባዩ ጥሩ ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ በልዩ አስተያየት እንለቀዋለን። ቅዳሜ ቤቱ ይገባል።»

ዐዋጢፍ እጆቿን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ በእጇ ነገረችው።

«ቃለ ጉባኤው ላይ ምክንያቱ ምን ተብሎ ይጻፋል?» አለች ሰገነት።

«በልዩ አስተያየት አልኩሽ እኮ።»

«አርባ አንዱ ጥፋትስ?»

«እሱ መመሪያ ነው። መመሪያ አልነካም። አንድ ሰው ብለቅ ‹ደግ አደረገ› ይሉኛል፤ መመሪያ ብነካ ከላይ ‹ማን አዘዘህ?› ይሉኛል። አንቺም ማመልከቻሽን እዚህ ላይ ብታቆሚው ጥሩ ነው። ሰውሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ከሰገነት ፊት የተቀመጠው ነገር ቀላል አልነበረም። እምቢ ብትል የምታስረው ሌላ ሰው ነው፤ ሁለት ዓመት የሚቆጥረው እሱ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። እሺ ብትል ደግሞ በሩ ለአንድ ሰው ተከፍቶ ተመልሶ ይዘጋል። ክራንቿን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፣ ልትናገርም አፏን ከፈተች።

ኦመር ቀደማት። በእጁ የሌለ ጢም ዳበሰ፣ ከዚያም የራሱን ትከሻ መታ መታ አድርጎ መዳፉን ገለበጠ።

«ምን አለ?» አለ ኮማንደሩ።

ዐዋጢፍ መተርጎም እንዳልፈለገች ያስታውቃል። ኦመር እጁን ደገመው። «ወንድሜ እንዲህ ይላል» አለች በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ። «እኔ ብወጣ ሽማግሌው ማን ነው የሚነካ? ይላል።»

«የአቶ ኦልጅራ ጉዳይ የዛሬ አጀንዳ አይደለም።»

ዐዋጢፍ ይህንንም ነገረችው። ኦመር ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደ፣ ግራ ክንዱን እንደ ተዘረጋ መዝገብ አጠፈው፣ አንገቱን ደፋ፣ በቀኝ እጁም የማይታይ እስክሪብቶ ያዘ። ቁርጥ ሃምሳ አለቃ ታምሩን ሆነ። ነርሷ ሳቋ አመለጣት።

ኦመር መጥራት ጀመረ። መጀመሪያ ቀኝ ጣቱን ግራ አንጓው ላይ ወስዶ የሌለ ሰዓት ወደ ዓይኑ አቀረበ። ጠበቀ። የመለሰ የለም። ክንዱ ላይ ምልክት አደረገ። ቀጥሎ አንገቱን ይበልጥ ደፍቶ አገጩን ደረቱ ላይ ጣለ። ጠበቀ፣ ምልክት አደረገ። ክንዱን በመርፌ ወጋ አደረገ፤ ጠበቀ፣ ምልክት። እንጨት እንደሚሰነጥቅ እጁን በመጋዝ አኳኋን ሳበ፤ ምልክት። የሌለ መነጽር በጣቱ ወደ አፍንጫው ሥር ገፋ፤ ሕብረት ልትነቃ ትንሽ ቀርቷት ነበር፣ ግን አልደረሰችም። ምልክት።

በመጨረሻ ሁለት ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ አስኬዳቸው፣ አንዱን እያነከሰ።

«አቤት!» አለች ሰገነት።

ኦመር ቀና ብሎ አያት፣ ፈገግ አለና ክንዱን አጥፎ ቆመ።

ሰገነት አሁን ምን እንደምትል አወቀች። «ክቡር ኮማንደር፣ ኦመር አሁን ስድስት ሰው ጠራ። እሱ ዘንድ ሁላችሁም ስም አላችሁ። እርስዎ ሰዓት የሚያየው ነዎት፤ አምስት ዓመት እንዲህ ሲጠራዎት ኖሯል። ከስድስቱ የመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ። አምስታችሁ ለቆጠራ አልመለሳችሁም፤ አንዳንድ ጥፋት ተመዝግቦባችኋል። በዚህ ዓይነት አርባ አንድ ቀን ብንሰበሰብ እርስዎም አመክሮ አያገኙም።»

ኮማንደሩ ፊቱ ቀላ። ሰዓቱን ሊያይ እጁን አነሣና፣ የሚያደርገው ነገር ትዝ ሲለው መልሶ አወረደው። ተነሣ፣ ኮፍያውን አደረገ።

«ዐሥር ደቂቃ እረፍት» ብሎ ወጣ።

ሦስቱም ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ፤ አንድ ዘብ አጠገባቸው ቆመ። ዐዋጢፍ ስታለቅስ መጎናጸፊያዋን ነክሳ ነበር።

«ሰገነት፣ ወንድሜ በር ላይ ደርሶ ነበር። ወላሂ፣ በር ላይ! አንቺ መለስከው።»

ሰገነት ፈራች። ጭቃ ላይ ስትዳኽ ያልፈራችውን ያህል አሁን ፈራች፣ ምክንያቱም ያኔ የሚሰበረው የራሷ ነገር ነበር። ከጎኗ የተቀመጠው ኦመር ግን እጁን ዘርግቶ የእህቱን ጉልበት መታ አደረገ፣ በእጁም አንድ ነገር ነገራት።

«ምን አለሽ?» አለች ሰገነት።

ዐዋጢፍ ዓይኗን ጠረገች። «አንቺ አይደለህም ይላል። እኔ ነኝ ይላል። ሁለት ዓመት እችላለሁ፣ ሽማግሌው ግን አይችልም ይላል።» ጨመረችም፦ «ግትር ነው። አባታችንም ግትር ነበረች።»

በዚህ መካከል ከወዲያ ማዶ የኮማንደሩ ቢሮ ውስጥ የታምሩ ድምፅ ተሰማ። ሃምሳ አለቃ ታምሩ ስም ሲጠራ የለመደው ድምፅ ስለሆነ ቀስ ብሎ መናገር አይችልም፤ እሱ ሹክ ያለውን ዘቡም ታራሚውም ይሰማዋል።

«ኮማንደር፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ሦስት እርምጃ ላይ ቆሞ አልመጣም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ቀና ብዬ ባየው ኖሮ አርባ አንድ አይሞላም ነበር። እንዲያው አሁን ራሴን ሳየው አፈርኩ። እንደዚያ ነው እንዴ የምደፋው አንገቴን?»

ኮማንደሩ ምን እንደመለሰ አልተሰማም። እሱ ቀስ ብሎ መናገር ይችላል።

ተመልሰው ሲጠሩ ኮማንደሩ ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነበር። ሰገነትን ሳይሆን ኦመርን እያየ ተናገረ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው።

«የምትሉት ነገር ምን በጀት ይጠይቃል? ከላይ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው።»

«ምንም» አለች ሰገነት። «ቆጣሪው በሰልፉ ፊት እየሄደ፣ ቀና ብሎ፣ በእጁ እየጠቆመ ይቁጠር። ታራሚውም እጁን ያንሣ። አንገት የተሠራው ዞሮ ለማየት ነው ይባላል፤ ቀና ለማለትማ ከዚያም ይቀላል።»

«ጊዜ ይፈጃል።»

«ስምንት ደቂቃ ይጨምራል» አለ ታምሩ። ሁሉም ዞሮ አየው። «በእረፍቱ ሰዓት አስቤው ነው።»

ኮማንደሩ በረጅሙ ተነፈሰ። «ሕብረት፣ ጻፊ» አለ። ሕብረት እስክሪብቶዋን አነሣች። «ታራሚ ኦመር በአመክሮ እንዲፈታ ተወስኗል። ምክንያቱም…» ቆመ። ቃሉን ፈለገ። ሰገነት ቃሉን ልታቀብለው ትችል ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በልቧ ይዛው ኖራለች። ግን ምላሷን ነክሳ ጠበቀች። ከራሱ አፍ ካልወጣ ነገ «አስገድዳ አስጻፈችኝ» ይላል።

«ምክንያቱም» አለ ኮማንደሩ፣ «መስማት የተሳነው ታራሚ ለቆጠራ ባለመመለሱ የተመዘገበበት ምልክት እንደ ጥፋት ስለማይቆጠር ነው። ይህ ውሳኔ ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ላሉ ታራሚዎችም ያገለግላል። ቆጠራውም ከዛሬ ጀምሮ በዓይንና በእጅ ይሁን። መመሪያው እንዲሻሻል ለበላይ አካል ይቅረብ።»

«ይነበብልን» አለች ሰገነት።

«አታምኚኝም?»

«አምንዎታለሁ። ግን ቃለ ጉባኤ ሲነበብ ደስ ይለኛል።»

ሕብረት አነበበች፣ ዐዋጢፍም ቃል በቃል በእጇ ለወንድሟ አቀበለችው። አምስቱም ፈረሙ። ኦመርም ሲፈርም አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ፣ ከሁሉም በላይ ጠንከር አድርጎ ወረቀቱ ላይ ጫነ።

ያ ወረቀት በዚያው ሳምንት ወደ ላይ ሄዷል። እኔ ይህን ስጽፍ ገና አልተመለሰም፤ ሂደት የሚባለው ሰውዬ አሁንም ቢሮው አልገባም ማለት ነው። ሰገነት ግን በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ክራንቿን ይዛ እዚያው ቢሮ ትገኛለች። ዛሬ በእጇ ማመልከቻ ብቻ አይደለም ያለው፤ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ነው። ይህን የያዘ ሰው ከበር እንደማይመለስ እሷም ታውቃለች፣ ጸሐፊዋም አውቃለች፤ ሰሞኑንም ወንበር ሳትጠየቅ ታቀርብላታለች።

ወደዚያ ሳምንት ልመለስ፤ ቅዳሜ ማለዳ ሰገነትና ዐዋጢፍ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የሆሞሻው ሚኒባስ ከመናኸሪያ ሳይወጣ ሊደርሱበት አስበዋል። ኦመር ግን አልወጣም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ዐዋጢፍ መቆም አቃታት፤ አንዴ በሩን፣ አንዴ መንገዱን ታያለች።

«ሐሳባቸውን ቀየሩ» አለች።

«አልቀየሩም» አለች ሰገነት፣ እሷም ግን ልቧ ደንግጧል። «ሳሚያ! ሰውያችን የት ነው?»

ሳሚያ ወደ ውስጥ ገብታ ተመለሰች። «ዕቃውን ሰብስቧል፣ ወረቀቱም ተፈርሟል። ቆጠራ ካልቆምኩ አልወጣም አለ» አለች። ከዚያ ዙሪያዋን ቃኘች። «ኑ፣ እስከ ሽቦው ድረስ ግቡ። ክራንቹን አታምጪው፣ ያዢው» አለቻት።

ከሽቦው ወዲያ ግቢው ፊት ለፊት ይታያል። ታራሚው ተሰልፏል። ኦመር የራሱን ልብስ ለብሶ፣ በላስቲክ የቋጠራትን ዕቃ እግሩ ሥር አስቀምጦ ከአቶ ኦልጅራ ጎን ቆሟል። ሃምሳ አለቃ ታምሩ መዝገቡን ይዞ ከሰልፉ ጫፍ ተነሣ። ቀስ እያለ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ሰው ፊት ይቆማል፣ ቀና ይላል፣ በጣቱ ይጠቁማል፣ እጅ ይነሣል። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ሰው እያለ መጣ።

ሽማግሌው ፊት ሲደርስ አቶ ኦልጅራ እንደለመዱት ትከሻቸው እስኪነካ ጠበቁ። ትከሻቸው አልተነካም። ዓይናቸውን ወደ ጎን ወደ ኦመር ላኩ። ኦመር ሁለቱን እጆቹን ወደ ኋላው አድርጎ አጣምሯቸዋል፤ ዐዋጢፍ ከሽቦው ወዲህ ጣቶቹ እርስ በርስ ሲጨባበጡ አየቻቸው። እያገዘ ሳይሆን እየታገሠ ነበር።

ታምሩ አልጠራም። ቆሞ ጠበቀ። እንደገና ጠቆመ።

አቶ ኦልጅራ ከኦመር ዞረው ከፊታቸው ያለውን ሰው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀኝ እጃቸውን እስከ ጆሯቸው አነሡና ግቢው እስኪናወጥ፣ «አቤት!» አሉ።

ታምሩ ሽማግሌውን አየና መዝገቡ ላይ ጻፈ። ኦመርም ዕቃውን አንሥቶ ወደ በሩ መጣ።